ስለ ቀድሞ አገር አቋራጭ መኪናዎች የማስታወቂያ ወረቀቶች ዋጋና አያያዝ

አንድ የንግድ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ፣ ገዢን ለመሳብ የታተመው ወረቀት ሥራው እንዳበቃ ይቈጠራል። በብዙ መደብር የወረቀቱ ዕጣ የበርበሬ መጠቅለያ መሆን፣ አለዚያም በመጋዘን ጥግ ተጥሎ በአይጥ መበላት ነው። ሆኖም የላንድሮቨር፣ የጂፕና የቶዮታ ላንድክሩዘር የቀድሞ ማስታወቂያዎች፣ የዋጋ ዝርዝሮች፣ እንዲሁም ብሮሹር የሚባሉት ባለሥዕል መግለጫዎች ዛሬ በውጭ አገር በጨረታ ሳይቀር የሚፈለጉ ሆነዋል። ጕዳዩም የወላይታ ሶዶንና የአካባቢዋን ነጋዴዎች በቅርብ ይመለከታል።

የእነዚህ ወረቀቶች ፈላጊዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ አሮጌ መኪና ገዝተው ወደ ጥንት መልኩ የሚመልሱ ሰዎች ናቸው፤ የቀለሙን ዓይነት፣ የሸራውን አቆራረጥና የመቀመጫውን ቅርጽ የሚያረጋግጡት በጊዜው ከታተመው መግለጫ ነው። ሁለተኞቹ የንግድንና የኅትመትን ታሪክ የሚያጠኑ ሰብሳቢዎች ናቸው። ለእነዚህ ከመኪናው ሥዕል ይልቅ ወረቀቱ በየት አገር፣ በማን እጅ፣ በስንት ዋጋ እንደ ዋለ ይበልጥባቸዋል።

ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ የሻሸመኔ፣ የሆሳዕናና የአርባ ምንጭ መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። ከዋናው ጐዳና ወጥቶ ወደ ገጠሩ ገበያ ለሚሄድ ሰው ግን በዝናም ወራት ጭቃው ስለሚበረታ፣ በአራቱም ጐማ የሚስብ መኪና ቅንጦት ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ርዳታ ሥራ የጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ዋዱ የሚባለው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው ለማድረስ የሚደክመው በዚሁ አገር ላይ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ የመኪና መግለጫ፣ የመለዋወጫ ካታሎግና የጥገና መጽሐፍ በየጋራዡና በየመደብሩ ቢገኝ አያስደንቅም። በ1967 ዓ.ም. ብዙ ታላላቅ ኩባንያዎች በመንግሥት ከተወረሱ ወዲህ የነጋዴዎች መዝገብ በየስፍራው ስለ ተበተነ፣ በግል እጅ የቀረው ወረቀት ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል።

ወረቀቶቹ ለነጋዴ የሚያስተምሩት ነገርም አላቸው። ላንድሮቨር በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ለሕዝብ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ሲሆን፣ የመጀመሪያ ዋጋው 450 ፓውንድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር አካሉ ከአልሙኒየም ቅይጥ ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ መግለጫዎችም መኪናውን በከተማ ጐዳና ሳይሆን በእርሻ ላይ፣ ከሞተሩ በሚወጣ ኃይል የእርሻ መሣሪያ ሲያንቀሳቅስ አሳዩት። ገዢው ገበሬ ነበርና ሻጩ የተናገረው ስለ ምቾት አልነበረም፤ ስለ ሥራ ነበር። ዕቃን ለገዢው ኑሮ በሚስማማ ቋንቋ ማስተዋወቅ ዛሬም ቢሆን የሚጠቅም ዘዴ ነው።

የወረቀቱን ዘመን ለይቶ ማወቅ የሰብሳቢው ተቀዳሚ ተግባር ነው። በውጭ አገር የታተመ ወረቀት የሚይዘው የአውሮፓን ዘመን ሲሆን፣ የአገር ውስጥ ወኪል የጻፈበት ቀን ግን የኢትዮጵያ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱን በማደባለቅ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስሕተት እንዳይደርስ መጠንቀቅ ይገባል። የኅትመት ቍጥርና የአታሚው ስም ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይገኛሉ። እነዚህ ከሌሉ ሥዕሉ ራሱ ይመሰክራል። ሁለተኛው የላንድሮቨር ዓይነት የወጣው በ1958 ነው። የፊት መብራቶቹ ከመካከለኛው ፍርግርግ ወደ ፓራፋንጎው የተዛወሩት በ1968ና በ1969 ነው። በ1971 የወጣው ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ በፕላስቲክ ፍርግርጉ ይታወቃል። ቶዮታም ላንድክሩዘር የሚለውን ስም የያዘው በ1954 ነው።

ለኢትዮጵያ ወረቀት አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። አገሪቱ ከግራ ወደ ቀኝ የመንገድ ጠርዝ አነዳድ የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በብር ዋጋ የተጻፈበት ዝርዝር መሪው በቀኝ በኩል ያለ መኪና የሚያቀርብ ከሆነ፣ ከዚያ ቀን በፊት የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንግሊዝና ኬንያም መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ስለሚጠቀሙ፣ ሥዕሉ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

በዋጋ ረገድ፣ የወኪሉ ማኅተም፣ የብር ዋጋ ወይም የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት፣ በየአገሩ በብዛት ከተሠራጨ ተመሳሳይ ወረቀት ይልቅ ብርቅ ነው። ማኅተሙን ለማጽዳት ወይም በእጅ የተጻፈውን ለመፋቅ የሚሞክር ነጋዴ፣ ዋጋውን የሚያፈርሰው በገዛ እጁ ነው። በሌላ በኩል ብዙ ብሮሹር በአዲስ እየታተመ ስለሚሸጥ፣ ገዢ የወረቀቱን ጠርዝ መወየብ፣ የስፌት ሽቦውን ዝገትና የፊደሉን ጥራት ሳይመረምር ገንዘቡን አይክፈል።

አያያዙን በተመለከተ፣ ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል የተባለው ለዚህ ሥራ በእውነት የተነገረ ይመስላል። የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት የሚሠራ በመሆኑ ብርሃን ሲያገኘው ፈጥኖ ይወይባል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይታጠፍ፣ በንጹሕ ፖስታ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ መደርደሪያ ላይ፣ ከምስጥ፣ ከጢስና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። የተቀደደውን በማጣበቂያ ፕላስቲክ መለጠፍ ወይም ላሚኔት ማድረግ ጕዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ከማን፣ መቼና ከየት እንደ ተገኘ የሚገልጽ ማስታወሻም በፖስታው ላይ በእርሳስ ይጻፍ።

ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚያስብ ላኪ ሕጉን አስቀድሞ ይመልከት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ አንድ ወረቀት ቅርስ መሆን አለመሆኑንም የሚወስነው ሻጩ ሳይሆን የሚመለከተው ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ፣ ከመሸጡ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቅጂውን ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ማቅረብ ተገቢ ነው። ወረቀቱ አንዴ ከሄደ፣ በዚህ አካባቢ ማን ምን እንደ ሸጠና በስንት ዋጋ እንደ ሸጠ የሚነግር ሌላ ምስክር ላይገኝ ይችላልና።

ስለሆነም የአባቱን መደብር የተረከበ ወይም አሮጌ መጋዘን የሚያጸዳ ነጋዴ፣ ወረቀቱን ለመጠቅለያ ከማዋሉ በፊት ገልጦ ይመርምር።