ቃኘው ሻለቃ፦ የኢትዮጵያ ጦር በኮሪያ ምድር

ቃኘው ሻለቃ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን ጥሪ ተቀብላ ወደ ኮሪያ ጦርነት የላከችው እግረኛ ጦር ነው። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ የአየር ኃይል ቡድን ስትልክ፣ እግረኛ ጦር ያዘመተችው ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች።

ጦርነቱ የተጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን የኬክሮስ መስመር ተሻግሮ ደቡቡን በወረረ ጊዜ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት አባል አገሮች ለተወረረችው አገር እንዲደርሱላት ጠየቀ። ይህ ጥሪ ኢትዮጵያን የራሷን ቁስል የሚያስታውስ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ስትወራት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ድረስ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ቢሉም የደረሰላቸው አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ አንዱ ሲወረር ሌሎቹ በጋራ ይከላከሉለት የሚለው መርሕ በወረቀት ላይ እንዳይቀር፣ ኢትዮጵያ ወታደር ልካ ልታጸናው ይገባል ብለው ወሰኑ።

ዘማቾቹ የተመረጡት በጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ይመራ ከነበረው ከክቡር ዘበኛ ነው። የሻለቃው ስም የተወሰደው ደግሞ ከንጉሠ ነገሥቱ አባት፣ ከአድዋው ዘማች ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ከ«አባ ቃኘው» ነው። ከ1,000 በላይ ወታደሮች የነበሩት የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ሲታዘዝ፣ የኢትዮጵያ ዘማች ጦር የበላይ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ነበሩ። ሻለቃው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የሻለቃውን ዓርማ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተረክቦ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያም በመርከብ ተጉዞ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ።

ፑሳን አጠገብ በአሜሪካ ሠራሽ መሣሪያ ለሳምንታት ከሠለጠነ በኋላ፣ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመደበ። ተራራውና ሸለቆው ለኢትዮጵያውያኑ እንግዳ አልነበረም። ፈተና የሆነባቸው ወንዙን ሳይቀር ወደ በረዶ የሚለውጠው የኮሪያ ክረምት ነው።

በዚያን ጊዜ የጦርነቱ መልክ ተለውጦ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሠራዊቶቹ ከደቡብ እስከ ሰሜን እየተሳደዱ ከተዋጉ በኋላ፣ ሁለቱም ወገኖች በኮረብቶች ላይ ምሽግ ቆፍረው ተፋጠጡ። ውጊያው በአብዛኛው የሚካሄደው በጨለማ፣ በምሽጎቹ መካከል ባሉት ሸለቆዎች ውስጥ ነበር። ጥቂት ወታደሮች ሌሊት ወጥተው ይቃኛሉ፣ ያደፍጣሉ፣ ምርኮኛ ይይዛሉ፤ ጠላት በብዛት ከመጣባቸው በሬዲዮ የመድፍና የሞርታር ተኩስ ይጠራሉ። ቃኘው ስም ያተረፈው በዚህ ዓይነቱ ውጊያ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 እና በ1944 ዓ.ም. በመካከለኛው ግንባር ባሳየው ጀግንነት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚሰጡትን የጦር ክፍል ሽልማት አግኝቷል።

ዘማቾቹ የሚተኩት በግለሰብ ሳይሆን በሻለቃ ነበር። በ1944 ዓ.ም. በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የተመራው ሁለተኛው ሻለቃ፣ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ የተመራው ሦስተኛው ሻለቃ ግንባሩን ተረከቡ። አብሮ የሠለጠነና አብሮ የዘመተ ወታደር ጓዱን ጥሎ አይመለስም ነበር። ሦስተኛው ሻለቃ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ፖርክ ቾፕ በተባለው ኮረብታ አካባቢ በቁጥር ከሚበልጠው የቻይና ጦር ጋር ያደረገው ፍልሚያ ይህን ያሳያል። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ ኮረብታው በጻፈው መጽሐፍ ለኢትዮጵያውያኑ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ፣ የወደቁትን ጓዶቻቸውን ሳይቀር ይዘው እንደሚመለሱ መስክሯል።

ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁም ስምምነቱ ተፈረመ። እስከዚያ ድረስ ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ ሲሞቱ ከ500 በላይ ቆስለዋል። ምርኮኞች ሲለዋወጡ ግን ከመካከላቸው አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ከስምምነቱ በኋላ አራተኛው ሻለቃ ተተክቶ ሰላም በማስከበር አገልግሏል። ወታደሮቹ ወላጅ አልባ ለሆኑ ኮሪያውያን ሕፃናትም በዶንግዱቾን ማሳደጊያ አቋቁመው ከደመወዛቸው እያዋጡ ረድተዋል።

በኮሪያ የተገኘው ልምድ ለቀጣይ ዓለም አቀፍ ግዳጅም ጠቅሟል። ኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. ማብቂያ ለተባበሩት መንግሥታት ወደ ኮንጎ ጦር ላከች፤ ለሌተና ጄኔራልነት የደረሱት ከበደ ገብሬም ከጊዜ በኋላ በዚያ የነበረውን የድርጅቱን ጦር በጠቅላላ መርተዋል። የዘማቾቹ መገኛ የነበረው ክቡር ዘበኛ ግን በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ምክንያት ፈርሶ እንደ አዲስ ተደራጀ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀበት ዘመን ደግሞ የኮሪያ ዘማቾች ውለታ ሳይወሳ ቀረ፤ ብዙዎቹም በችግር ኖሩ።

ደቡብ ኮሪያ ግን አልረሳችም። በቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የመታሰቢያ ሐውልት ተመርቋል፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የዘማቾቹ መታሰቢያ አዳራሽ ተከፍቷል። በአዲስ አበባም አፍንጮ በር አካባቢ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። የደቡብ ኮሪያ መንግሥትና በጎ አድራጊዎች ለዘማቾቹና ለቤተሰቦቻቸው የሚሰጡት የሕክምናና የትምህርት ድጋፍ የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ዋና ማሰሪያ ሆኗል።