ያነበቡትን ለባልንጀራ ስለ ማካፈል

ልጆች ሆይ፤ አንድ እንጀራ ለሁለት ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሹ ነው። ያነበቡትን ነገር ግን ለባልንጀራ ቢያካፍሉት ምንም አይጎድልም፤ እንዲያውም ይጨምራል። ስለ ምን ቢሉ፥ ሰው ያነበበውን ለሌላ ሲነግር ነገሩ በራሱ ልብ ይጸናል። በሚገባ ያልተረዳውም ስፍራ በዚያን ጊዜ ይታወቀዋል፤ ሊናገረው ሲጀምር ቃል ያጣልና። የሚሰማውም ሰው ያላየውን መጽሐፍ ለማየት ይመኛል። ይህ ነገር እውነት መሆኑን ከዚህ በታች ከተጻፉት ታሪኮች እንረዳለን።

በአዲስ አበባ ከተማ በምዕራብ በኩል ኮልፌ ቀራኒዮ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ የሚባሉ የደቡብ አፍሪካ ሰው ወደ ኮልፌ መጥተው በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር። በዚያ ዘመን በአገራቸው ጥቁሩን ሕዝብ ከነጩ የሚለይና የሚያዋርድ ሕግ ነበረ፤ እርሳቸውም ይህን ግፍ ለመቃወም ተነሥተው ነበር። ነገር ግን ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ወገኖቻቸው ስለ ጠሯቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ጥቂት ቀንም ቆይተው ተያዙ። ከዚያ በኋላ 27 ዓመት ያህል ታሰሩ። ከዚህም ውስጥ 18ቱን ዓመት ያሳለፉት ሮበን በምትባል፥ ባሕር በከበባት ደሴት ላይ ነው።

በዚያች ደሴት ሶኒ ቬንካትራትናም የሚባል ሌላ እስረኛ ነበረ። ይህ ሰው የእንግሊዛዊው ባለ ቅኔ የዊልያም ሼክስፒር ድርሰቶች ሁሉ በአንድነት የታተሙበት አንድ ትልቅ መጽሐፍ ነበረው። ጠባቂዎቹም እንዳይወስዱበት መጽሐፉን የሂንዱ አማልክት ሥዕል ባለባቸው የበዓል ካርዶች ሸፈነው። እነርሱም የጸሎት መጽሐፍ መስሏቸው ተዉለት።

እንግዲህ ይህን ያህል የደከመበትን መጽሐፍ ሸሽጎ ብቻውን ቢያነበው ማን በፈረደበት ነበር? እርሱ ግን እንዲህ አላደረገም። መጽሐፉን ለጓደኞቹ በየተራ ሰጣቸው፤ እያንዳንዱም ልቡን የነካውን ስፍራ መርጦ በአጠገቡ ስሙን እንዲጽፍ ለመነው። ከ30 የሚበልጡ እስረኞችም እንዲሁ አደረጉ። ማንዴላ «ዩልየስ ቄሣር» ከሚባለው ድርሰት ቄሣር ስለ ሞትና ስለ ፍርሃት ለሚስቱ የሚናገርበትን ስፍራ መረጡ፤ በአጠገቡም ታኅሣሥ 7 ቀን 1970 ዓ.ም. ስማቸውን ጻፉ። ወዳጃቸው ዋልተር ሲሱሉ ደግሞ «የቬኒስ ነጋዴ» ከሚባለው ድርሰት አንድ የተናቀ ሰው የደረሰበትን ስድብ ሁሉ በትዕግሥት እንደ ቻለ የሚናገርበትን መረጡ።

ልጆች ሆይ፤ ይህን አስተውሉ። መጽሐፉ አንድ ነው፤ እስራቱም አንድ ነው። ነገር ግን አንዱ የድፍረትን ቃል፥ ሌላው የትዕግሥትን ቃል አገኘበት። ስለዚህ ሰው «እኔ የወደድኩት ይህን ነው» ብሎ ሲያሳይ፥ የሚያሳየው መጽሐፉን ብቻ አይደለም፤ የገዛ ልቡንም ነው። ያንን መጽሐፍ የገለጠ እስረኛ ሁሉ የጓደኞቹን ስም እያየ እነርሱን ያጸናቸው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ቻለ።

በዚህ በአገራችንም ይህን የሚመስል ነገር ተደርጓል። በደርግ ዘመነ መንግሥት ነቢይ መኮንን የሚባል ጸሐፊ በአዲስ አበባ ማእከላዊ በሚባለው እስር ቤት ታስሮ ነበር። በዚያም የአሜሪካዊቱ ደራሲ የማርጋሬት ሚቸል ረጅም ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተጽፎ ተገኘ። እንግሊዝኛ የማያውቁት እስረኞች ታሪኩን እንዴት ሊሰሙ ይችላሉ? ነቢይ መኮንን ወደ አማርኛ ሊመልሰው ጀመረ። የሚጽፍበት ደብተር ስላልነበረውም በሲጋራ ማሸጊያ ውስጥ የሚገኘውን ስስ ወረቀት እየሰበሰበ በዚያ ላይ ጻፈ፤ የወረቀቶቹም ቍጥር ወደ 3000 የሚጠጋ ነበር። የጻፈውንም ለእስር ጓደኞቹ ያነብላቸው ነበር። በኋላም መጽሐፉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ለጓደኞቹ ብሎ የጀመረው ሥራ በዚህ አኳኋን ለአገር ሁሉ ደረሰ።

ያነበቡትን ማካፈል ፊደል ላልቈጠረ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይጠቅማል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ የሚባለው ተዋናይ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው፥ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ታሪኩን ሰሙ። እናንተም በቤታችሁ ማንበብ ያልተማሩ አያት ቢኖሩ፥ ማታ ማታ አንድ አንድ ገጽ ብታነቡላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ንባባችሁም ይቀናል።

እንግዲህ ያነበባችሁትን ስታካፍሉ ይህን ጠብቁ።

በመጀመሪያ የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም ተናገሩ፤ የሚሰማችሁ ሰው ሊፈልገው ቢወድ በምን ያገኘዋል?

ሁለተኛ ያላነበባችሁትን አንብበናል አትበሉ። ገና እኩሌታው ላይ ብትሆኑ «እስከዚህ ደርሻለሁ» ማለት አያሳፍርም። መጽሐፉን ያልጨረሰ ሰው ስለ ቀረው ነገር ከባልንጀራው ጋር ሊገምት ይችላልና፥ ይህም ራሱ ደስታ ነው።

ሦስተኛ የታሪኩን ፍጻሜ አትግለጡ። ፍጻሜውን አስቀድሞ መንገር የባልንጀራን ደስታ እንደ መስረቅ ይቈጠራል።

አራተኛ «መልካም ነው» ወይም «ክፉ ነው» ብላችሁ ብቻ ዝም አትበሉ። የትኛው ስፍራ ደስ እንዳሰኛችሁና ስለ ምን ደስ እንዳሰኛችሁ ግለጡ። ባልንጀራችሁም ሲናገር አድምጡ፤ የመረጠው ስፍራ ከእናንተ ቢለይ አትንቀፉት።

አምስተኛ በተዋሳችሁት መጽሐፍ ላይ አትጻፉ። በሮበን ደሴት የነበሩት እስረኞች የጻፉት ባለቤቱ ስለ ለመናቸው ነው። እናንተ ግን የወደዳችሁትን ገጽ ቍጥር በደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ መጽሐፉንም ሳታቈሽሹ በቀኑ መልሱ። መጽሐፍ የተዋሰውን የማይመልስ ሰው መጽሐፉን ከባለቤቱ ብቻ አይወስድም፤ ተራውን ከሚጠብቀውም ሁሉ ይወስዳል።

እነዚያ እስረኞች ነፃነታቸውን ተነጥቀው ሳሉ አንዱን መጽሐፍ ለብዙ ሰው አዳረሱት። እናንተ ግን ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ከባልንጀሮቻችሁ ጋር እንደ ልባችሁ ትነጋገራላችሁ፤ የሚከለክላችሁ የለም። ስለዚህ ነገ ባልንጀራችሁን ስታገኙት «አሁን ምን ታነባለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እርሱም ቢጠይቃችሁ የምትመልሱት አይጡ።