ስለ ቆሰለ በቀቀን የቤት ውስጥ አያያዝ

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ በቀቀን እንናገራለን። ነገሩ ለጊዜው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ልጅ የቆሰለ ወፍ በእቅፉ ይዞ ከደጅ የገባበት ቤት ሁሉ ጭንቀቱን ያውቀዋል። ልጁ እያለቀሰ «ምን እናድርገው?» ሲል፥ እናት ወደ ቅቤው፥ አባት ወደ ክሩና ወደ እንጨቱ፥ አያትም ወደ ወተቱ ይነሣሉ። እኛ እንደሚመስለን ግን ከቁስሉ ይልቅ በቀቀኑን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ይኸው የርኅራኄ ችኮላ ነው።

ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው፥ ስሟ ከራስ አባተ ቧያለው ጋር ተያይዞ የሚነሣው የሆሳዕና ከተማ፥ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ በዶዮገናና በአንጋጫ በኩል ወደ ዱራሜ የሚሄድ መንገደኛ፥ የአምበርቾን ተራራ እያየ በእንሰት በተከበቡ ግቢዎች መካከል ያልፋል። እንዲህ ያሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች ደግሞ በዓለም ላይ ከኛና ከጎረቤታችን ከኤርትራ በቀር የትም የማይገኝ የአንድ ትንሽ በቀቀን መኖሪያ ናቸው። ቁመቱ ከ16 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር፥ ላባው አረንጓዴ፥ መንቁሩ ቀይ፥ የክንፉም ውስጥ ጥቁር ነው። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ሲሆን፥ የሴቲቱ ግንባር እንደ ሌላው ላባዋ አረንጓዴ ነው። የሳይንስ ስሙ «ታራንታ» የሚለውን ቃል የያዘው፥ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲወጣ ካለፈበት ከታራንታ በር የተነሣ ነው፤ መግለጫውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1814 ታተመ። ከዚህ የሚተልቀውና ግንባሩ ቢጫ የሆነው ሁለተኛው በቀቀናችን ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም።

እንግዲህ ከነዚህ አንዱ በድመት ተነክሶ፥ በወንጭፍ ተመትቶ ወይም ከመስኮት መስታወት ጋር ተጋጭቶ ቢገኝ፥ ወይም በቤት የሚኖር በቀቀን አደጋ ቢደርስበት፥ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን ሙቀት፥ ጨለማና ጸጥታ ነው። ቀለል ያለ ፎጣ ጣል አድርጎ ቀስ ብሎ ማንሣት ይገባል። ሲያዝ ደረቱን መጨበጥ ፈጽሞ አይገባም። ወፍ እንደ ሰው ሳንባውን የሚስብለት ድያፍራም የለውምና፥ የሚተነፍሰው የደረቱን አጥንት ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ ነው። ደረቱ ከተጨበጠ ወይም በጨርቅ ጠብቆ ከታሰረ አፍንጫው ክፍት ሆኖ ሳለ ታፍኖ ይሞታል።

ከዚህ በኋላ ጎኑ በተበሳ ካርቶን ውስጥ ንጹሕና ክር የማይመዝ ጨርቅ አንጥፎ ማስቀመጥ ነው። በአገሩ ቃጫ እንደ ልብ ስለሚገኝ እርሱን መጎዝጎዝ ይቀናል፤ ነገር ግን ቃጫ በጣቱ ላይ ተጠምጥሞ ደም ይከለክላል። የደጋው ሌሊት ብርድ ስለሆነ፥ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከካርቶኑ በአንደኛው ወገን ማድረግ ያሻል፤ ሲሞቀው ወደ ሌላው ወገን እንዲሸሽ ስፍራ ይተውለት። የሚፈለገውም ሙቀት 30 ዲግሪ ያህል ነው። ካርቶኑን ከምድጃ አጠገብ ማኖር ግን አይገባም። የወፍ ሳንባ ጢስን አይችልም፤ የቡናው ዕጣን እንኳ ለኛ መዓዛ ሲሆን ለእርሱ መከራ ነው።

ደም የሚፈስ እንደ ሆነ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ለዘብ አድርጎ መጫን ነው። ይህ ነገር ለነገ የሚባል አይደለም፤ የትንሹ በቀቀን የገላው ደም ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነውና፥ ለሰው ጠብታ የሆነው ለእርሱ ብዙ ነው። ቅቤና ዘይት መቀባት ላባውን አጣብቆ ሙቀት እንዳይዝ ያደርገዋል። የተሰበረውን ክንፍ በእንጨት ማሰርም የወጌሻ ሥራ አይደለም፤ የወፍ አጥንት ስስና ባዶ ስለሆነ ተሰንጥቆ ይቀራል። ክንፉ በተፈጥሮ እንደሚታጠፍ ሆኖ ሳይንቀሳቀስ ቢቆይ ይበቃል።

ድመት የነከሰችው በቀቀን ቁስሉ ባይታይ እንኳ እንደ ደኅና አይቆጠር። በድመት ምራቅ ያለው ተሕዋስ በጥርሷ ቀዳዳ ገብቶ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይገድለዋልና፥ በዚያው ዕለት ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

ስለ ምግቡ፤ የደነገጠ ወፍ አፉን ፈልቅቆ ውኃ መጠጣት ወደ ሳንባው ማፍሰስ ነው። ሲረጋጋና ቀና ብሎ ሲቆም ብቻ ዝቅ ባለ ዕቃ ውኃ፥ የበሰለ ሾላ ወይም ፓፓያ ይቅረብለት። ወተት አይስማማውም፤ ቡና፥ ጨውና ቸኮላታ ደግሞ ይጎዱታል። ከሁሉ በላይ ግን የሐድያና የከምባታ እመቤቶች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም በየግቢው የሚበቅለው አቮካዶ ነው። ለልጅ የምንመርጠው ይህ ለስላሳ ፍሬ ለበቀቀን መርዝ ነው፤ በውስጡ ያለው ፐርሲን የተባለ ነገር የወፉን ልብ ያደክማል፥ በሰዓታት ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ይገድላል። ቅጠሉም እንደዚያው ነው።

የያዘው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ኩሱንም ሳይደርቅ አርጥቦ ይጥረግ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1929 እና በ1930 ከደቡብ አሜሪካ በተጫኑ በቀቀኖች ምክንያት የበቀቀን ትኩሳት በብዙ አገሮች ሰዎችን ገድሏል። ዛሬ መድኃኒት አለው፤ ቢሆንም በቀቀኑን ወደ ልጆች መኝታ ማስገባት አይገባም።

ሐኪምን በተመለከተ፥ በየወረዳው ያለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የለመደው ላምና በግ ቢሆንም፥ ደም ማቆምና ተገቢውን መድኃኒት መምረጥ ይችላል፤ ከዚህ ለሚያልፈው በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። የወፍ አጥንት በሦስት ሳምንት ያህል ይገጥማልና፥ ጠምሞ ከገጠመ በኋላ መንገድ መጀመር ምንም አይረባም። በመንገድ ላይ ካርቶኑ ይሸፈን፥ የውኃው ዕቃም ይውጣ።

የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ስለዚህ ከዱር የመጣውን በቀቀን ያስጠጋ ቤት ለዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ፤ ልጆቹም ስም አውጥተው ከእጃቸው እንዲበላ ባያስለምዱት እንመርጣለን። ይህን ማለት በሦስተኛው ሳምንት፥ ወፉ ሰው ሲያይ መጮህ ሲጀምር፥ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ክንፉ ጠንክሮ በክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እኩል ሲበር፥ ማለዳ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ወደ ተገኘበት ዛፍ ወስዶ የካርቶኑን ክዳን ከፍቶ ፈቀቅ ማለት ነው። ትንንሾቹ በቀቀኖች በዛፍ ቀዳዳ አብረው የሚያድሩ ናቸውና፥ ጓደኞቹ ብዙ ጊዜ ከዚያ አይርቁም።