ኦርኪድን በቅርበት ማንሳት፦ ትግሉ ያለው አንድ ሚሊ ሜትር ላይ ነው

ኦርኪድ ከሩቅ ሲያዩት ፎቶ ለመነሳት የተፈጠረ ይመስላል። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሁለትና ሦስት ወር ሳይጠወልግ ይቆያል። እንደ ልጅ አይቁነጠነጥም፣ እንደ ወፍም አይበርም። ስልክዎን አውጥተው ጠጋ ሲሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። መሃሉ ሲጠራ ዳሩ ይደበዝዛል፤ ዳሩ ሲጠራ መሃሉ ይጠፋል። አበባው ነጭ ከሆነማ የደም ሥር የመሰሉት ስስ መስመሮቹ ሁሉ ጠፍተው ነጭ ሳህን መስሎ ይወጣል።

ብዙ ሰው ይሄኔ ካሜራውን ይወቅሳል። ወደ ውድ ሌንስ ከመሮጥ በፊት ግን አበባውን በደንብ ማየት ይሻላል፤ የችግሩ ምንጭ አሠራሩ ውስጥ ነውና። አደይ አበባ ፊቱ ገበታ ነው፤ ፊት ለፊት ከቆሙ ሁሉም ክፍሉ ከሌንሱ በተቀራራቢ ርቀት ላይ ይገኛል። ኦርኪድ ግን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የሚሄድ ቤት ነው። ከመልካበባዎቹ አንዱ ተለይቶ ወደ ፊት ይወጣል፤ ባለሙያዎቹ ከንፈር ይሉታል፣ ነፍሳት የሚያርፉበት መድረክ ነው። ከበላዩ ወንዴና ሴቴ ክፍሎቹ ተዋህደው የሠሩት አጭር ምሰሶ አለ። ሌሎቹ መልካበባዎች ከኋላ ተዘርግተዋል። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ደግሞ ከጀርባቸው የአበባ ማር የሚጠራቀምበት ረጅም ቱቦ ያንጠለጥላሉ።

ስለዚህ ቱቦ የታወቀ ታሪክ አለ። ቻርልስ ዳርዊን በ1862 እ.ኤ.አ. የማዳጋስካርን ነጭ ኦርኪድ መርምሮ፣ ቱቦው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑን ሲያይ፣ ይህን ያህል የሚረዝም ምላስ ያለው የእሳት እራት መኖር አለበት ብሎ ተነበየ። እራቱ በሳይንስ ስም የተሰጠው በ1903 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዳርዊን ከሞተ 21 ዓመት አልፎት ነበር። የዚያ ኦርኪድ ዘመድ የሆነው ኤራንጊስ ብራኪካርፓ በእኛም አገር ደኖች ውስጥ ዛፍ ላይ ይበቅላል። ነጭ ኮከብ የመሰለ አበባ አለው፤ የሚያውደው በምሽት ነው፤ ቱቦው ከ12 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ ይህን ሁሉ በአንድ ጠቅታ ጥርት አድርጎ ማውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ያስቡት።

ሒሳቡ ጨካኝ ነው። በማክሮ ሌንስ አንድን ነገር በትክክለኛ መጠኑ ስናነሳ፣ አፐርቸሩ 8 ላይ ሆኖ፣ ጠርቶ የሚታየው ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የአበባው እምብርት ብቻ እንኳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ጥልቀት አለው። አፐርቸሩን ወደ 22 ሲያጠቡት ጥልቀቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል፤ በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ይነጥቃል። ቤት ውስጥ ፎከሱን በጥቂት በጥቂቱ እያራመዱ ሃያ ሠላሳ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር ማዋሃድ ይቻላል። ለእኔ ግን ውጤቱ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ አበባ ይመስለኛል።

የሚሻለው መምረጥ ነው። ሰው ፎቶ ሲነሳ ዓይኑ ከጠራ ጆሮው ቢደበዝዝ ማንም ቅር አይለውም። የኦርኪድ ዓይን የምሰሶው ጫፍና የከንፈሩ መነሻ ነው። እሱን ያጥሩት፣ ሌላው ይለስልስ። ካሜራውን ትንሽ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች አዙረው ምሰሶውና ከንፈሩ ከሌንሱ እኩል እንዲርቁ ካደረጉ፣ ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር ብዙ ሥራ ትሠራለች። በስልክ የሚያነሱ ከሆነ እጅግ አይጠጉ፤ ስልኩ ራሱ ጥላውን ይጥላል። ትንሽ ራቅ ብለው አንስተው በኋላ መቁረጥ ይሻላል። ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፈው በሰዓት ቆጣሪ ቢያነሱ ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥ ይቀራል።

ለብርሃን ከነጠላ የተሻለ ዕቃ ቤትዎ ውስጥ የለም። መስኮቱ ላይ ሲጋርዱት ፀሐዩ ይለዝባል፣ የመልካበባው መስመሮች ይወጣሉ። ካሜራ ደግሞ ነጭ ከጥቁር ዳራ ጋር ሲያይ ይሳሳታል፤ ጨለማውን ለማብራት ሲል ነጩን ያቃጥለዋል። ስክሪኑን አበባው ላይ ነክተው ብርሃኑን ጥቂት ዝቅ ያድርጉ።

ሳሎን ውስጥ ይህ ሁሉ ይሆናል። ከፋ ወይም ሐረና ደን ውስጥ ግን ነጠላም መስኮትም የለም። ኢትዮጵያ ከ150 በላይ የዱር ኦርኪድ ዝርያዎች አሏት። ብዙዎቹ በክረምት ከመሬት የሚወጡ ሲሆኑ ሌሎቹ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው። ዛፍ ላይ ያለው ከራስዎ በላይ ነው፣ ጫካው ጨለማ ነው፣ ነፋሱም ቅርንጫፉን አያሳርፈውም። በአንድ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ደግሞ ትንሽ ውዝዋዜ ሁሉን ነገር ያበላሻል። ይሄኔ ነው እጅ የሚያሳክከው፦ ነቀል አድርጎ ብርሃን ላይ ማስቀመጥ።

አይንቀሉት። ሥሩ ቅርፊት ላይ ለመጣበቅና አበባ እስኪሰጥ ለማደግ ዓመታት ፈጅቶበታል። የዛፉንም ደም አይመጥም፤ የሚኖረው ከዝናብ፣ ከጉምና ከቅርፊቱ ላይ ከሚጠራቀም ብስባሽ ነው። ቢሆንም ቡና በሚለማበት ደን ገበሬው ቡናው እንዲያፈራለት ግንዱን ከሽበትና ከተጣባቂ ተክል ሲያጸዳ ኦርኪዱም አብሮ ይሄዳል። ገበሬው ኑሮው ነው፤ ለአንድ ፎቶ ብሎ የሚነቅለው ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

ፎቶው ጥቅም እንዲኖረውም ያስቡ። ፊት ለፊት ብቻ የተነሳ ኦርኪድ ያምራል እንጂ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ለመለየት ብዙ ጊዜ አይበቃም። ቱቦው የሚታየው ከጎን ነው። ስለዚህ አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ አንድ ደግሞ ከነቅጠሉና ካረፈበት ዛፍ ጋር ያንሱ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲለጥፉ ትክክለኛ ቦታውን አይጻፉ፤ ለፎቶ የመጣ ሁሉ ለፎቶ ብቻ አይመጣም።

ከፍ ያለውን ዛፍ አንጋጠው አንገትዎ ከታመመ ወደ መሬት ይመልከቱ። ከዝናብና ከነፋስ በኋላ፣ ወይም ቡና ከተገረዘ በኋላ፣ ኦርኪድ የተሸከሙ ቅርንጫፎች ወድቀው ይገኛሉ። እዚያ አበባው ጉልበትዎ ሥር ነው፤ ነፋሱም ብዙ አይነካውም፤ ነጠላም ከያዙ መጋረድ ይቻላል። ያሻዎትን ያህል ጊዜ ወስደው ያንሱት። ሲጨርሱ ቅርንጫፉን እንዳለ አንስተው በአቅራቢያው ባለ ዛፍ መንታ ላይ፣ ጥላ ባለበት፣ በደንብ ያስሩት። ነጭ የነበረው ሥር ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ከሆነ ገና በሕይወት አለ።