በጠብታ የሚሠራ ኬሚስትሪ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በባሕር ዳር ሹም አቦ በተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ፣ ስድስት የሰፈር ተማሪዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው ነበር። በጠረጴዛው ላይ የነበረው ዕቃ ለዓይን የሚያኮራ አልነበረም፤ ኪኒኑ ያለቀበት ማሸጊያ፣ ከፋርማሲ የተገዛ መርፌ የሌለው ስሪንጅ፣ ሁለት ሎሚ፣ አመድ ተዘፍዝፎበት የጠለለ ውሃ፣ እንዲሁም ተፈልቶ የቀዘቀዘ ከርከዴ ነው።

በማሸጊያው ጉድጓዶች ከርከዴውን አምስት አምስት ጠብታ አደረግን። በአንዱ ላይ ሎሚ ጠብ ሲልበት ደምቆ ቀላ፤ በሌላው ላይ የአመዱ ውሃ ጠብ ሲልበት አረንጓዴ ሆነ። በአረንጓዴው ላይ ደግሞ ሎሚውን ጠብ ጠብ ብናደርግበት ተመልሶ ቀላ። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ጨውና ውሃ እንደሚሆኑ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ በቃሏ የያዘች አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይህን ስታይ፣ «ቲቸር፣ እስቲ ይስጡኝ፤ ስንት ጠብታ እንደሚመልሰው እኔ ልቁጠር» አለች። መጀመሪያ ዘጠኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ አሥራ አንድ ሆነባት። ነገሩን ስትመረምር ስሪንጁን አንድ ጊዜ ቀጥ፣ አንድ ጊዜ ዘንበል አድርጋ መያዟን ደረሰችበት። ትንንሽ አረፋም አየችና ከየት እንደ መጣ ጠየቀች። በአመድ ውስጥ ካርቦኔት አለ፤ አሲድ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በቃሏ የያዘችው ቃል ግን ስለ አረፋ የሚናገረው ነገር አልነበረም።

እኔ ራሴ ሁለተኛ ደረጃን ስጨርስ ቡሬት የሚባለውን መሣሪያ የማውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነበር። የላቦራቶሪው በር ተቆልፎ ይውላል፤ መስታወቱ ይሰበራል፣ ኬሚካሉ ያልቃል ተብሎ ይፈራ ነበርና። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያውን ፒፔት በያዝሁበት ቀን እጄ ተንቀጥቅጦ ሰበርሁት። እንግዲህ ጥፋቱ የእጄ ቢሆንም፣ እጄ ቀድሞ የለመደው ነገር አለመኖሩ ግን ያሳዝነኛል።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ አብረን እናስላ። ስድሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል እያንዳንዱ ተማሪ በተለመደው መንገድ 25 ሚሊ ሊትር አሲድና 25 ሚሊ ሊትር ቤዝ ቢጠቀም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለመሥራት 3 ሊትር ይፈጃል። አንድ ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ስለሚሆን፣ ሁሉም አሥር አሥር ጠብታ አሲድና ቤዝ ቢወስዱ ግን ለክፍሉ በሙሉ 60 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ይኸውም አንዲት የሻይ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አስተማሪው ፊት ቆሞ ሲሠራ ስድሳው ከኋላ አንገቱን እያሰገገ ከሚመለከት፣ ስድሳውም በየእጁ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

ይህ አሳብ የድኃ አገር ብልሃት ብቻ አይደለም። ኦስትሪያዊው ፍሪትስ ፕሬግል እ.ኤ.አ. በ1923 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘው በጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ቅመሞችን ለመመርመር የሚያስችል ዘዴ ስላበጀ ነው። በአሜሪካ አገር ቦውዶይን ኮሌጅ ደግሞ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ የላቦራቶሪው አየር በኬሚካል ተን ቢያስቸግር፣ መምህራኑ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አየር ማውጫ ከመትከል የሙከራውን መጠን ማሳነስ ይሻላል አሉ። በደቡብ አፍሪካ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆን ብራድሊና ባልደረቦቻቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ያሏት የፕላስቲክ ሰሌዳ ከነመሣሪያዋ አዘጋጁ፤ ዩኔስኮም ዘዴው በብዙ አገሮች እንዲታወቅ ረድቷል።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው፣ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ተመቸኝ እንግዳ በዋና አዘጋጅነት የመሩት የአፍሪካ የኬሚስትሪ ትምህርት መጽሔት፣ በአካባቢ ከሚገኝ ነገር ርካሽ የሙከራ ዕቃ ስለ መሥራት የተጻፉ ጥናቶችን አውጥቷል። ባሕር ዳርም መምህር በማፍራት የቆየች ከተማ ናት፤ የፔዳጎጂ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1972 ተቋቁሞ፣ በ2000 ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የጠብታው ትምህርት መጀመር ያለበትም በዚህ ዓይነት ቦታ ይመስለኛል። ለመምህርነት የሚሠለጥን ወጣት ትልቁን የመስታወት ዕቃ ብቻ ለምዶ ከወጣ፣ ዕቃው ወደሌለበት ወረዳ ሲመደብ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣልና።

አንዳንዶች ይህ የልጆች ጨዋታ ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ጠብታ ሁሉ እኩል ስላልሆነ ቡሬትን አይተካም፤ ኬሚስት የሚሆን ተማሪ ቡሬቱንም መልመድ አለበት። መጠኑ አነሰ ተብሎም ጥንቃቄ አይቀርም፤ አሲድ በጠብታም ቢሆን ዓይን ይጎዳልና መነጽር ያስፈልጋል። ዳሩ ግን ቡሬቱ በሌለበት የምናማርጠው በቡሬትና በጠብታ መካከል ሳይሆን፣ በጠብታና በባዶ እጅ መካከል ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ከተማችን በጣና ዳር የተቀመጠች፣ ዓባይም ከሐይቁ የሚወጣባት ናት። ከላቦራቶሪ የሚደፋው ነገር ከሊትር ወደ ጠብታ ቢወርድ፣ ለማጠራቀምም ለማስወገድም ይቀልላል። ወጣቱም ያፈሰሰው ነገር የት እንደሚደርስ ማሰብን ከትምህርቱ ጋር አብሮ ይማራል።

እንግዲህ ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። አዲስ ሕንፃና አዲስ በጀት እስኪመጣ አንጠብቅ፤ በወር አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ እንኳ ለጠብታ እንስጥ። ሙከራውን ግን ለተማሪዎቻችን አንሥራላቸው፤ ራሳቸው ይሥሩት።

ያቺ ተማሪ በሚቀጥለው ቅዳሜ የአያቷን ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ይዛ መጣች። በደብተሯም በቤቷ ስትቆጥር የሰነበተችውን የጠብታ ቁጥር በሰንጠረዥ ጽፋው ነበር።