ስለ ጥፍር ቀለም፤ ከዕለት ልብስና ከእጅ ሥራ ጋር ስለ ማስማማት

በአሰላ ከተማ በገበያ ቀን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ጥቂት ቆሞ፥ ገንዘብ የሚሰጡትንና የሚቀበሉትን እጆች የተመለከተ ሰው ሁለት ዓይነት ያጌጡ ጥፍሮችን ያያል። አንደኛው ከጠርሙስ በወጣ ቀለም የተቀባና እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ነው። ሁለተኛው ብልጭታ የሌለው፥ ወደ ቡናማነት ያደላ ቀይ ሲሆን፥ በእንሶስላ ወይም በሂና የተገኘ ነው። በዚህ ወር ስለ ሁለቱም ልንጽፍ አስበናል። የጤና መሥሪያ ቤት ስለ ጌጥ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሊጥ የሚያቦካው፥ ሕፃን የሚያጥበው፥ እንግዳ የሚያጎርሰው ይኸው ያጌጠ እጅ ስለ ሆነ፥ ጉዳዩ ከሥራችን የራቀ ሆኖ አልታየንም።

እንሶስላ በደጋ አገር፥ ጥላና እርጥበት ባለበት ስፍራ የሚበቅል ተክል ነው። አበባው ነጭ ሆኖ በጉሮሮው ላይ የወይን ጠጅ መልክ ያለው ምልክት አለበት፤ ለቀለም የሚፈለገው ግን ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ነው። ሥሩ ታጥቦ ይወቀጥና በእጅና በእግር ላይ ተደርጎ ይታሰራል፤ ከቆየ በኋላ ሲታጠብ ቆዳውም ጥፍሩም ቀልቶ ይገኛል። በአማርኛችን እንሶስላ «ሞቀች» ማለት የተለመደ ነው፤ የጠርሙሱን ግን «ተቀባች» እንላለን። ቃሎቹ ልዩነቱን በሚገባ ይገልጹታል። የሚሞቀው ወደ ጥፍሩ ውስጥ ዘልቆ ይይዛል፤ የሚቀባው በጥፍሩ ላይ የተዘረጋ ስስ ሽፋን ነው። በሂና ውስጥ ያለው ሎሶን የተባለው ንጥረ ነገርም እንዲሁ ጥፍርና ፀጉር ከተሠሩበት ከኬራቲን ጋር ይያያዛል። ለሶላት ውዱእ የምታደርግ የአርሲ እናት ይህን ልዩነት ከማናችንም አስቀድማ ታውቀዋለች፤ ሽፋኑ ውሃን ከጥፍር ይከለክላልና፥ ሂናው ግን አይከለክልም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባናል። ጥቁር ሂና እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሂና አይደለም። ቶሎ እንዲጠቁር ፓራፌኒሊንዲያሚን የተባለ የፀጉር ቀለም ይጨመርበታል፤ ይህም ቆዳን ሊያሳብጥ፥ ውሃ ሊያስቋጥርና ጠባሳ ሊያስቀር ይችላል። እውነተኛ ሂና ቀይ ወይም ቡናማ እንጂ ድፍን ጥቁር አይሆንም።

የጠርሙሱ ቀለም መሠረት ናይትሮሴሉሎስ ሲሆን፥ ይኸው ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ለአውቶሞቢል ቀለም ያገለግል ነበር። በ1932 በኒውዮርክ የተቋቋመው ሬቭሎን የተባለው ኩባንያ ጥፍሩን ፈጽሞ የሚሸፍን ድፍን ቀለም አወጣ፤ ቆይቶም የከንፈርና የጥፍር ቀለም አንድ ይሁን የሚለውን ልማድ በማስታወቂያ አስፋፋ።

ይህ ልማድ በእኛ አስተያየት ለአገራችን ልብስ እምብዛም አይበጅም። ነጭ ቀሚስና ነጠላ ከለበሰች ሴት የተመልካች ዓይን የሚያርፈው በጥለቱ ላይ ነው። ጥለቱ ራሱ ብዙ ቀለም ስላለው፥ ጥፍሩ ከእነዚያ አንዱን ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል፤ ይልቁንም በጥቂቱ የገባውን ክር መምረጥ ያምራል። ጥለቱ አረንጓዴ ሆኖ ቀጭን የወይን ጠጅ መሥመር ቢኖረው፥ ለጥፍር የሚስማማው ወይን ጠጁ ነው። ለወርቃማ ጥለት ግን ከእንሶስላ የሚበልጥ አላገኘንም።

ነገር ግን ነጭ ቀሚስ በአሰላ የበዓል እንጂ የዕለት ልብስ አይደለም። ከጭላሎ በኩል የሚመጣው ብርድ ሹራብና ኮት ያስለብሳል፤ እነዚህም አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር፥ ግራጫ ወይም ቡናማ ናቸው። በጥቁርና በግራጫ ላይ የወይን ጠጅ ወይም ደብዘዝ ያለ ቀይ ይስማማል፤ ከቡናማ ጋር የማኪያቶ መልክ ያለው ቀለም ጸጥ ያለ ውበት ይሰጣል። ኖራ የተቀላቀለበት የሚመስለውን ነጣ ያለ ሮዝ ግን ለጠይም እጅ አንመክርም፤ በተለይ ብርድና ደረቅ ነፋስ እጅን በሚያነጣበት ወራት አመድ የነካው ያስመስለዋል። በዚያ ወቅት ከቀለሙ በፊት ቫዝሊን ይቅደም።

መምህርት ለሆነችው አንባቢያችን ደግሞ ጠመኔን ማሰብ ግድ ነው። የጠመኔ ትቢያ በጥቁርና በወይን ጠጅ ቀለም ጠርዝ ላይ ተሰግስጎ ከሩቅ ይታያል፤ ከጥፍር መልክ ጋር በሚቀራረብ ቀለም ላይ ግን አይታወቅም። በሰልፍ ላይ የተማሪዎችን ጥፍር በምትመረምርበት ጠዋት፥ አርባና ሃምሳ ሕፃናት የእርሷን ጥፍር በተራቸው እንደሚመረምሩም ትወቅ።

አሁን ብዙ ወይዛዝርት የሚወዱት፥ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ ቀስ በቀስ እየቀለለ የሚሄድ አቀባብ ነው። የአገራችን ሸማኔ በጥለት ላይ ክሩን ከጥቁሩ ወደ ነጣው ሲያሸጋግር የኖረውን ጥበብ የሚያስታውስ ስለ ሆነ፥ እኛም አልጠላነውም። አሠራሩም አያስቸግርም። አስቀድሞ ቀለም የሌለው ሽፋን ይቀባል፤ ይህ ደማቁ ቀለም ጥፍርን ቢጫ እንዳያደርግ ይከላከላል። ቀጥሎ ፈዛዛው ቀለም ተቀብቶ እስኪደርቅ ይቆያል። ከዚያ በትንሽ ስፖንጅ ላይ ሁለቱን ቀለሞች ጎን ለጎን፥ ድንበራቸው ጥቂት እንዲደራረብ አድርጎ ቀብቶ ጥፍሩን በቀስታ መታ መታ ማድረግ ነው። ሲደርቅ አንድ ጊዜ ይደገምና በመጨረሻ እንደገና ቀለም የሌለው ሽፋን ይለብሳል። ሁለቱ ቀለሞች የአንድ ቤተሰብ ቢሆኑ፥ ለምሳሌ ወይን ጠጅና ሮዝ፥ ከዕለት ልብስ ጋር ለማስማማት ይቀላል።

ክርክሩ ያለው ደማቁ በየት በኩል ይሁን በሚለው ላይ ነው። የተለመደው ደማቁን በጫፍ፥ ፈዛዛውን በሥር ማድረግ ነው፤ የእጅ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚያድግ አዲሱ ጥፍር ከፈዛዛው ጋር ተመሳስሎ ቀለሙ ብዙ ቀን የሚቆይ ይመስላል። ነገር ግን ደማቁ ጫፍ ከሥሩ የተጠራቀመውን እድፍ ይሸፍናል። የወስፋት እንቁላል በዓይን የማይታይ ሲሆን፥ ከአፈር ጋር በረጅም ጥፍር ሥር ተደብቆ ወደ አፍ ይገባል። ስለዚህ ምግብ ለምታበስልና ሕፃን ለምታጎርስ ሴት ደማቁ በሥር፥ ፈዛዛው በጫፍ ሆኖ ጥፍሩም አጭር ቢሆን እንመርጣለን። ቀለሙ ቶሎ ያረጀ ይመስላል፤ እድፉ ግን ወዲያው ይታያል። የተሰነጠቀውን ደግሞ ፍርፋሪው ሊጥ ውስጥ ሳይገባ ፈጥኖ ማስለቀቅ ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ ለምትሄድ ሴት፥ በተለይም ለነፍሰ ጡር፥ የምንለምነው ነገር አለ። ሐኪሙ ወይም አዋላጇ ጥፍርን የሚያዩት ለጌጡ አይደለም። የጥፍር ሥጋ መንጣት የደም ማነስን ሊያመለክት ይችላል፤ ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ደሙ በ2 ሴኮንድ ያህል ካልተመለሰ የደም ዝውውር መድከሙን ይጠረጥራሉ። በጣት ላይ ተቆንጥጦ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካው መሣሪያም በጥቁር፥ በሰማያዊና በአረንጓዴ ቀለም ሊሳሳት ይችላል። ድንገት ደም የሚፈስሳት ወላድ ስትመጣ አሴቶን የሚፈለግበት ጊዜ የለም። ስለዚህ የመውለጃው ወር ሲቃረብ ሁሉንም ጥፍር ማጽዳት፥ ይህም ባይሆን ከየእጁ ቢያንስ ሁለት ጣት ያለ ቀለም መተው ይገባል። ሕሙማንን ለሚነኩ ሠራተኞች የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ ተለጣፊ ጥፍርን ከልክሏል፤ የራስ ጥፍርም ጫፉ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር እንዲያጥር መክሯል።

አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ነው። በብርዱ ምክንያት በከሰል ምድጃ ዙሪያ ተቀምጦ ጥፍር ማስለቀቅ እጅግ አደገኛ ነው፤ መስኮቱ ተከፍቶ፥ እሳቱ ከክፍሉ ወጥቶ፥ ጠርሙሱም ሕፃን ከማይደርስበት ተቀምጦ ይሠራ።

እንሶስላ ማስለቀቂያ አይሻም። በሠርጓ ዋዜማ የሞቀች ሙሽራ አንድ ወር ሲሆናት ከጥፍሯ ሥር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ንጹሕ ጥፍር ታያለች፤ ቀዩም ወደ ጫፍ እየተገፋ ይሄዳል። ያለ ስፖንጅና ያለ ጠርሙስ ጥፍሯ ሁለት መልክ ይኖረዋል። ስድስት ወር ሲሞላ የመጨረሻው ቀይ በጥፍር መቁረጫ ይወድቃል።