ኮምፕሬሰር ሲገዙ ሊትሩን ይጠይቁ

ኢተያ ውስጥ በግቢው ጥግ ትንሽ ጋራዥ የከፈተ ሰው፣ ከብየዳ ማሽኑ ቀጥሎ የሚያስበው የአየር ኮምፕሬሰር ነው። ጎማ በጎደለ ቁጥር ጎሚስታ ፍለጋ መሄድ ይቀርለታል። በርና መስኮት በብሩሽ ከመልፋት በስፕሬይ ይቀባል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የስንዴ አጨዳ ሲደርስ የኮምባይነርና የትራክተር ራዲያተር በገለባ ብናኝ ይታፈናል። ያኔ ንፋስ በእጁ ያለ ሰው ሥራው አይቆምም።

ሱቅ ሲገቡ ግን መጀመሪያ የሚነገርዎ የፈረስ ጉልበቱና የታንኩ ስፋት ነው። «ባለ 3 ፈረስ፣ ባለ 100 ሊትር» ይባላሉ። ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ማሽኑ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ያወጣል? የዚህን መልስ ሳያገኙ ስለ ዋጋ ባይነጋገሩ ይሻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ፒስተኑን ያንቀሳቅሳል። ፒስተኑ ሲወርድ አየር ይስባል፤ ሲወጣ ጨምቆ ወደ ታንኩ ይልካል። ፕሬዠር ስዊች የሚባል ግፊቱን የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ታንኩ ሲሞላ ሞተሩን ያጠፋል፤ አየሩ ሲቀንስ መልሶ ያስነሳል። ግፊት የሚለካው በባር ወይም በፒኤስአይ ነው። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ያህል ነው። አብዛኞቹ የቤት ኮምፕሬሰሮች 8 ባር፣ ማለትም 116 ፒኤስአይ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ።

8 ባር ይበቃል ወይ? ለግቢ ሥራ ይበቃል። የፒክአፕ ጎማ ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ ይፈልጋል። የአይሱዙ ጎማ ወደ 100 ስለሚጠጋ ይሞላል፣ መጨረሻው ላይ ግን ይዘገያል። የትራክተር የኋላ ጎማ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ግፊቱ ብዙ ጊዜ ከ25 ፒኤስአይ አያልፍም፤ ሆዱ ግን ሰፊ ስለሆነ ከባዶ ለመሙላት በርካታ መቶ ሊትር አየር ይጠጣል። እንግዲህ እዚህ ላይ የሚያስቸግረው የግፊት ማነስ ሳይሆን የሊትር ማነስ ነው። ለቀለምም ያው ነው። ትንሹ ስፕሬይ በደቂቃ ከ100 እስከ 200 ሊትር ይፈልጋል። ብሎን የሚፈታው የንፋስ መፍቻም ከዚሁ ብዙ አይርቅም።

አሁን ስለ ከፍታ ላንሳ፤ በእኛ አካባቢ ገዢን የሚያስተው ይህ ነውና። ኢተያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 77 በመቶ ገደማ ነው። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ስፍራ አልተቀየረም፤ የሚገባለት አየር ግን ሳስቷል። ፋብሪካው ሰሌዳው ላይ የጻፈው ቁጥር ደግሞ ለባሕር ወለል የተሰላ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ፋብሪካዎች የሚጽፉት ማሽኑ የሚስበውን እንጂ የሚያወጣውን አይደለም። ከሚሳበው አየር ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው በሙቀትና በቫልቮች በኩል እየባከነ ታንኩ አይደርስም። ሁለቱን ሲደምሯቸው፣ ሰሌዳው ላይ በደቂቃ 200 ሊትር የሚል ማሽን ኢተያ ላይ የሚሰጥዎ ከ100 ብዙም አይበልጥም። በዚህ ምክንያት «200 ይላል፣ ለቀለም ይበቃኛል» ብሎ የገዛ ሰው በሩን አጋምሶ ግፊቱ ይወርድበታል። ቀለሙም መርጨቱን ትቶ መትፋት ይጀምራል።

ታዲያ እውነተኛውን ቁጥር እንዴት ላውቅ ይላሉ? ሰዓት ያለው ስልክ ይበቃዎታል። ሻጩ ማሽኑን ያስነሳልዎ። መውጫው ይዘጋ። ጠቋሚው 6 ባር ላይ ሲደርስ መቁጠር ይጀምሩ፤ 8 ላይ ሲደርስ ያቁሙ። ግፊቱ በ2 ባር ጨምሯል። የታንኩን ሊትር በ2 ያባዙና ለፈጀው ደቂቃ ያካፍሉ። 100 ሊትር ታንክ 2 ደቂቃ ከፈጀበት፣ 200 ለ2 ሲካፈል በደቂቃ 100 ሊትር ይሆናል። 1 ደቂቃ ተኩል ከፈጀበት ወደ 133 ነው። ይህ ሒሳብ ከማንኛውም ሰሌዳ ይታመናል። ሙከራውን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።

የት እንደለኩም ልብ ይበሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች መርካቶ ላይ ያገኙት ቁጥር እዚህም አያሳፍርዎትም። አዳማ ግን ወደ 1,600 ሜትር ዝቅ ትላለች። እዚያ ከለኩት ላይ 7 ወይም 8 በመቶ ይቀንሱ።

የታንኩ ስፋትስ? ታንክ ጎተራ ነው፤ ጎተራ ስለሰፋ ምርት አይጨምርም። ሰፊ ታንክ የሚጠቅመው በአንድ ጊዜ ብዙ አየር ጠጥቶ ለሚያርፍ ሥራ ነው፤ ጎማ መሙላት፣ ፊልትሮ መንፋት፣ አምስት ስድስት ብሎን መፍታት። ሳይቋረጥ ለሚሄድ የቀለም ሥራ ግን ታንኩ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቅና የሚተርፍዎ የፓምፑ አቅም ብቻ ነው። ለጎማና ለፊልትሮ ብቻ ከሆነ 50 ሊትር አያንስም። ቀለም ካለበት 100 ሊትር ታንክ ያለው፣ በራስዎ ልኬት በደቂቃ 150 ሊትር የሚያወጣ ማሽን ይፈልጉ።

ሞተሩ ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበት መንገድም ዕድሜውን ይወስነዋል። በቀጥታ የተያያዘው ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን በደቂቃ 2,800 ጊዜ ገደማ ስለሚሽከረከር ይጮኻል፣ ቶሎ ይግላል። በቺንጊያ የሚዞረው፣ ማለትም ሞተሩና ፓምፑ በጎማ ቀበቶ የተያያዙበት፣ ፓምፑ የሚሽከረከረው ከዚያ ግማሽ ባነሰ ፍጥነት ነው። ዋጋው ከፍ ይላል። እኔ ያለ ማመንታት የምመክረው ይህንን ነው። የሳሳ አየር ማሽንን በደንብ አያቀዘቅዝም፤ በዚያ ላይ ፓምፑ 8 ባር ለመድረስ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። በየትኛውም ዓይነት ቢሆን፣ የሠራውን ያህል ደቂቃ ይረፍ።

ወደ መብራቱ እንምጣ። የቤት መስመር ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ነው። ባለ 2 ፈረስ ሞተር 1.5 ኪሎዋት ሲሆን በዚህ መስመር ይሠራል። ባለ 3 ፈረስም ይነሳል፣ ግን ሲነሳ የሚስበው ኃይል ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሆነ አመሻሽ ላይ ቮልት ሲወርድ ያጓራና ይቆማል። ደጋግሞ ከተደረገ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ከዚያ በላይ ከፈለጉ ሦስት ፌዝ ማስገባት አለብዎት፤ የመስመሩና የቆጣሪው ወጪ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም አይጠቀሙ። ኮምፕሬሰሩን ቆጣሪው አጠገብ ያቁሙና ርቀቱን በአየር ቱቦ ይሙሉት። ቱቦ ማርዘም ሞተር አያቃጥልም።

የወር ወጪውስ? ባለ 2 ፈረስ ሞተር ከመስመሩ ወደ 2 ኪሎዋት ይስባል። ሞተሩ ራሱ በቀን በድምሩ አንድ ሰዓት ከዞረ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህንን በደረሰኝዎ ላይ ባለው የአንዱ ዋጋ ያባዙት። ፍጆታ ሲጨምር ወደ ከፍተኛው እርከን ስለሚያልፉ፣ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ወዲህ በየሦስት ወሩ እንዲስተካከል ስለተወሰነ፣ የቅርቡን ደረሰኝ ይጠቀሙ።

በቤንዚን የሚሠራው ማሳ ላይ ወርዶ ለሚሠራ ይመቻል። ይሁን እንጂ የቤንዚን ሞተርም በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ባለ 5.5 ፈረሱ 4.5 አይሞላም። በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ቤንዚን ሊጠጣም ይችላል። መብራት ባለበት ግቢ አልመክረውም።

የማሽኑ ዋጋ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ስለሚዋዥቅ በአንድ ሳምንት ውስጥ መርካቶና አዳማ ጠይቀው ያወዳድሩ። ከዋጋው ላይ ግን ቱቦ፣ ግፊት ማስተካከያ፣ ውኃ ማጣሪያና የኮምፕሬሰር ዘይት ይጨምሩ። እነዚህን ረስቶ ብሩን የጨረሰ ሰው ማሽኑን እያየ ሳምንታት ይቀመጣል። ማስተካከያው በተለይ አይቀርም፤ የትራክተር ፊልትሮ የሚነፋው ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ነውና። በ8 ባር የተነፋ ወረቀት ይቀደዳል፤ አቧራውም ወደ ሞተሩ ይገባል።

ያገለገለ መግዛት ይቻላል? ፓምፑ ይጠገናል፤ ታንኩ ግን አይጠገንም። የተበየደ ወይም ሆዱ ሥር የዛገ ታንክ በምንም ዋጋ አይግዙ፤ ሲፈነዳ ሰው ይገድላል። ሴፍቲ ቫልቩን፣ ማለትም ግፊት ሲበዛ ራሱ የሚያስተነፍሰውን፣ ቀለበቱን ስበው ይሞክሩት። ካልተነፈሰ እስኪቀየር ድረስ ማሽኑ አይነሳ። የታንኩን የታች መክፈቻ ከፍተው የሚወጣውን ውኃ ይዩ። ጥቂት ዝገት የተለመደ ነው፤ ቡናማ ጭቃና ቅርፊት ከወጣ ይተዉት።

አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ከገዙ በኋላ ሦስት ነገር ይልመድብዎ። ሲጨርሱ አየሩን አስተንፍሰው የታችኛውን መክፈቻ ይክፈቱና ውኃውን ያፍስሱ። በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ዘይቱ ስለሚወፍር ያንኑ መክፈቻ ክፍት አድርገው ያስነሱና አንድ ሁለት ደቂቃ ያለ ጭነት ያዙሩት፤ ከዚያ ይዝጉት። በየወሩም መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ይቀቡ። በ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ6 ባር ግፊት በደቂቃ ከ60 ሊትር በላይ አየር ያመልጣል። ማሽኑ 100 ሊትር ብቻ የሚያወጣ ከሆነ፣ ከግማሽ በላይ የሆነውን መብራት የሚከፍሉት ለዚያ ቀዳዳ ነው።